አንዱ ቮልዩም የኤሱማ፣ አንዱ የለሚ

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኛለሁ፣ ቀጭን ሽቦ ስይዝም መነጽር አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የጉደር ዘማሪ ቤዝ ጊታሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሱቄ ስትገባ ግን፣ የዚያን ዘመን ጭቃ፣ የዚያን ዘመን የተጠበሰ በቆሎ ሽታ፣ ሁሉም አብሯት ገባ።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ባትሪ ፕሮግራም መሃል እያለቀ አዋረደኝ። ባትሪውን አውጪልኝና ለሁለቱም ፒካፕ የየራሳቸውን ቮልዩምና ቶን አድርጊልኝ። እሷ ትችላለች አሉኝ።»

ሳቄ መጣ። ልጅቱ በሷ የሳቅሁ መስሏት ብርድ ልብሱን መልሳ ልትጠቀልል ምንም አልቀራት። «ነይ ተቀመጪ፣» አልኳት፣ «ይሄን ሥራ እኔ እንዴት እንደተማርኩት ልንገርሽ።» ለሷ የነገርኳትን ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

ቤዝ ጊታር ለማታውቁት አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት። ከክሮቹ ስር እንጨቱ ላይ ሁለት ጥቁር ማግኔቶች ተቀብረዋል፤ ፒካፕ የሚሏቸው እነሱ ናቸው። የክሩን ንዝረት ተቀብለው በሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካሉ። ወደ ጊታሩ አንገት የቀረበው ፒካፕ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው፣ ከወንጪ ተራራ ማዶ እንደሚሰማ ነጎድጓድ። ታች፣ ክሩ የታሰረበት አጠገብ ያለው ደግሞ ጠንከርና ጥርት ይላል። የቤተሰባችን ጠብ የገባው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር።

አምቦ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ አንድ ቤዝ ብቻ ነበራት። እሁድ ደግሞ ሁለት ፕሮግራም አለ፤ ማለዳ በአፋን ኦሮሞ፣ ረፋዱ ላይ በአማርኛ። ማለዳ የሚጫወተው ኤሱማ ገረሙ ነበር። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ስሙን ሳንጠራ ኤሱማ ብቻ እንለው ነበር። አናጢ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖራል፣ ምሳውን ከኛ ጋር ይበላል። ረፋዱ ላይ የሚጫወተው ታላቅ ወንድሜ ለሚ ነው። ለሚን ያስተማረው ራሱ ኤሱማ ነበር። አባታችን ባረፈበት ዓመት ጣውላ ልጎ፣ አራት መስመር በእርሳስ አስምሮበት፣ ለሚ በዚያ ድምፅ በሌለው እንጨት ላይ ጣቱን ሲያለማምድ ክረምቱ አለፈ። እኔ ደግሞ በር ላይ ተቀምጬ የተበላሸ ሬዲዮ እፈታ ነበር። ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ፈትቼ ነው።

ኤሱማ ወፍራሙን ድምፅ ይወዳል። ለሚ ጥርት ያለውን። ኤሱማ ተጫውቶ ሲሄድ ለሚ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ይገለብጣቸዋል፤ በሳምንቱ ኤሱማ መጥቶ ይመልሳቸዋል። ኋላ ላይ ኤሱማ ማዞሪያዎቹ እንዳይነኩ የቁስል ፕላስተር ለጠፈባቸው። ለሚ በመዘምራን ፊት ልጦ ጣለው።

«ይሄ ቤዝ ነው ወይስ የወፍጮ ቤት ሞተር?» አለ ለሚ።

«ያንተስ?» አለ ኤሱማ። «ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ።»

ሰዉ ሳቀ። እነሱ ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው እሁድ ጭራሽ ቤዙ ተቃጠለ። ውስጡ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ የሚበላ ትንሽ ቦርድ ነበረው፣ አንዱ በችኮላ ባትሪውን ገልብጦ አስነካውና አበቃ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱ ነው፣ እሱ ነው ተባባሉ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ቤዙ ዕቃ ቤት ይቆለፍበት አሉ። ኤሱማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ መምጣት አቆመ። እማዬ በየእሁዱ ሳህኑን ታቀርባለች፣ መልሳ ታነሳለች። ሰባት እሁድ እንዲህ አለፈ። አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ወንድሟ በሯ ላይ አልፎ ሲሄድ ማየቷ ከማንኛውም ነገር በላይ ጎዳት።

ሌላም ነገር ነበር። ጎጆ ላይ የሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ አንድ ወር ብቻ ቀርቶታል። ጎጆ ብርዳማዋ የደጋ ከተማ፣ እማዬና ኤሱማ የተወለዱባት ናት። ኤሱማ የተወለደበት አገር ሰው ቤዝ ሲጫወት ሰምቶት አያውቅም። ቤዙ ከመቆለፉ በፊት ጀምሮ ለዚያ ሲዘጋጅ ነበር።

እኔ ያኔ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የስልክ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ጠቡን ሳስበው ሳስበው ነገሩ የሽቦ ጉዳይ ሆኖ ታየኝ። የተቃጠለውን ቦርድ ብናወጣው፣ ባትሪም ባይኖር፣ በአራቱ የማዞሪያ ቀዳዳዎች አራት አዲስ ማዞሪያ ብናስገባ፤ ላይኛው ፒካፕ የራሱ ቮልዩም፣ ድምፁን የሚያወፍርና የሚያቀጥን የራሱ ቶን፣ ታችኛውም የራሱ ቮልዩምና ቶን። ላይኛው የኤሱማ፣ ታችኛው የለሚ። ማንም የማንንም አይነካም።

ቁልፉን የያዙት ሽማግሌ ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ኢንተላ፣» አሉኝ፣ ሴት ልጅ ለማለት ነው፣ «አንቺ የስልክ ነሽ ወይስ የጊታር?»

«ሁለቱም ሽቦ ነው፣ ኦቦ ዲንሳ።»

«የባሰ ብታበላሺውስ?»

«አሁን የሚናገር መሰለዎት? ተቆልፎ አይደል ያለው።»

ትንሽ አዩኝና ሳቃቸውን ዋጡ። «እሺ። ግን እዚሁ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የምትሠሪው።»

ለቤዝ የሚሆን ቮልዩም አምቦ ውስጥ አጣሁ። የትንንሽ ሬዲዮዎች ቮልዩም የመቋቋም ቁጥሩ ያንስና ድምፁን ያፍነዋል። ጊንጪ ጋሽ ከድር ጋ የማይገኝ የለም ሲሉኝ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ኑጉ በየማሳው ቢጫ ሆኖ፣ ጭልሞ ጫካ አናቱ ላይ ደመና እንደ ነጠላ ጣል አድርጎ። መኪናው በቆመበት ሁሉ ሴቶች ትኩስ በቆሎ በመስኮት ይዘረጉልናል። ሁለት በላሁ፤ አንዱ ለድፍረት ነበር።

ጋሽ ከድር አባታቸው ከስልጤ መጥተው ጊንጪ ላይ የከፈቱትን ሱቅ የወረሱ ሰው ናቸው። አሮጌ ቮልዩም የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና፣ «ለምን ዓይነት ሬዲዮ ነው?» አሉኝ።

«ለጊታር ነው። ለቤተ ክርስቲያን።»

«ለቤተ ክርስቲያን?» ቆርቆሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «እንግዲያው ጥሩ ጥሩውን ራሴ ልምረጥልሽ። ኋላ ከድር ነው መዝሙራችንን ያበላሸው እንዳይሉኝ!» አንድ ባንድ ለክተው፣ አንድ ባንድ አዙረው፣ የማይንኮሻኮሹ አራት ሰጡኝ።

በማግስቱ ኦቦ ዲንሳ ቢሮ ውስጥ ቤዙን ከፈትኩ። እሳቸው የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ይዘው ብሎኖቹን ይቀበሉኛል፣ በየጊዜው ይቆጥሯቸዋል። የብየዳው ጭስ አፍንጫቸው ገብቶ ሲያስነጥሱ ሳህኑ ተገለበጠና ሁለታችንም ጠረጴዛ ስር ገብተን በጉልበታችን ስንድህ ጸሐፊዋ በር ከፍታ አየችን። መልሳ ዘጋችው።

ሽቦውን ያሰርኩት በማውቀው መንገድ ነው። ቮልዩም ሦስት እግር አለው። ሬዲዮ ላይ ድምፁ በዳር እግር ይገባል፣ በመሃለኛው ይወጣል፣ ሌላው ዳር ከግራውንድ፣ ማለትም ድምፁ ወርዶ ከሚጠፋበት ሽቦ ጋር ይታሰራል። ስንት መቶ ሬዲዮ እንዲህ ሠርቻለሁ። ሁለቱንም ቮልዩም እንደዚያው አሰርኩና ሁለቱን መሃለኛ እግሮች አገናኝቼ ወደ መውጫው ወሰድኳቸው። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስናገናኘው ቢሮው ተንቀጠቀጠ። ኦቦ ዲንሳ «ገለታ!»፣ ምስጋና ይሁን፣ ብለው ብድግ አሉ። አንዱን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረግሁ፣ ይቀንሳል፤ ሌላውንም እንዲሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ። በቃ፣ ሠርቷል ብዬ ዘጋሁት። ኦቦ ዲንሳም፣ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ከነካ ይጫወቱበት ብለው ለእሁድ ፈቀዱ።

እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ለሚም ተራው ሳይሆን ቀድሞ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ኤሱማ ቤዙን አንስቶ ማንጠልጠያውን ትከሻው ላይ አደረገ። የኔን ማብራሪያ ሰምቷል፤ የላይኛው ያንተ ነው፣ የታችኛውን አትንካ ብዬዋለሁ። ታዲያ መጀመሪያ ያደረገው ምን ይመስላችኋል? የለሚን ቮልዩም ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ጎረቤቱ የሚረብሸው ሰው መስኮቱን እንደሚዘጋ፣ በደስታ።

መዝሙሩ ተጀመረ። ቤዙ ዝም።

ኤሱማ የገመዱን ጃክ ነቀለና ሰካ። ዝም። የራሱን ቮልዩም እስከ መጨረሻው ከፈተ። ዝም። ግንባሩ ላብ አወጣ። እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መዘምራኑ ያለ ቤዝ ቀጠሉ፣ ድምፃቸው ባዶ እግሩን እንደሚሄድ ሰው ሆነ። ይህን ለሚ አልቻለውም። ከኋላ ተነስቶ በመሃል መተላለፊያው መጣ፣ መድረኩ ላይ ወጣና፣ «እስኪ የኔን ሞክረው» ብሎ እጁን ዘርግቶ የታችኛውን ቮልዩም ከፈተው። ድምፁ ግድግዳውን እየነካ ወጣ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ፣ ነጎድጓዱም ንቧም።

ሰዉ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ዲንሳ ማይኩን ነጠቁ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፣ በአማርኛ ላስቀምጠው፤ «አያችሁ ወይ? አጎት የእህቱን ልጅ ድምፅ ሲዘጋ የራሱም ጠፋ! ጌታ ዛሬ በሽቦ ተናገረን!» ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል። ለሚ አለቀሰ። ኤሱማ ቤዙን እንዳንጠለጠለ አቀፈው። ሴቶቹ ወደኔ እየዞሩ፣ ይቺ ልጅ በመንፈስ ተመርታ ነው አሉ።

ምሳ ላይ ኤሱማ መጣ። እማዬ ዶሮ ልታደርስ አልቻለችም፣ የነበረው የድንች ወጥ ነው። ኤሱማ ጎረሰና፣ «ጨው አንሶታል» አለ። እማዬ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ስትስቅ አየኋት። ሰባት ሳምንት ሙሉ የሚያማርርባት ሰው ናፍቋት ነበር።

ማክሰኞ ቀን አንድ ሬዲዮ እየጠገንኩ ሳለ ድንገት ገባኝ። የሬዲዮ ቮልዩም ብቻውን ነው። የቤዙ ግን ሁለት ናቸው፣ መሃለኛ እግሮቻቸውን አገናኝቻቸዋለሁ። አንዱ ሲዘጋ መሃለኛው እግር ግራውንድ ላይ ያርፋል፣ የሌላውንም ድምፅ ይዞት ይወርዳል። ሽቦው መገልበጥ ነበረበት፤ ፒካፑ በመሃለኛው ገብቶ በዳር መውጣት። ወረቀት ላይ ሥዬ አየሁት፣ ሁለት ጊዜ። ጌታ በሽቦ አልተናገረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ያቺን ነገር ጉደር ሄደው ሰብከዋታል፣ ለጎጆም እያዘጋጇት ነው። ብናገር ሁለቱ ተመልሰው ቢጣሉስ? የእማዬ ሳህን እንደገና ባዶ ቢነሳስ? ዝም ብልስ፣ የኔን ስህተት ስንት አገር ሰው አሜን ይልበታል? ጉዞው እስኪደርስ ያቺን ወረቀት በኪሴ ይዤ ዞርኩ።

ወደ ጎጆ የሄድነው በአይሱዙ ነው። ስፒከሮቹ በሸራ ተሸፍነዋል፣ እኔና መዘምራኑ በላያቸው ተጭነናል። ከአስፋልቱ ከተገነጠልን በኋላ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው፣ ብርዱ እየጠነከረ፣ የገብስ ማሳው እየበዛ ይሄዳል። ኤሱማ ከጎኔ ነበር፣ ቤዙን እንቅጥቅጡ እንዳይነካው ታቅፎት።

«ኤሱማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትቆጣም?»

«ልቤን አታንጠልጥዪው፣ ተናገሪ።»

«ያ የእሁዱ ነገር... እኔ ሽቦውን ያለ ቦታው አስሬው ነው። አንዱን ስትዘጋ ሌላው መጥፋት አልነበረበትም።»

መኪናው አንድ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ምንድነው?» አለ ለሚ ከማዶ።

«አንተ ዝም በል፣ የኔና የእህትህ ጉዳይ ነው!» ወደኔ ዞረ። «ይስተካከላል?»

«ሽቦ ማዘዋወር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እንደገና ብትጣሉስ ብዬ።»

«አይ ኢንተላ ኮ!» አለኝ፣ የኔ ልጅ ማለቱ ነው። «እሱን የማልዘጋው ሽቦ ይዞኝ ከሆነማ ምኑን ታረቅን? አስተካክዪው። ለኦቦ ዲንሳም ራስሽ ንገሪ።»

ጎጆ እንደወረድን ነገርኳቸው። ኦቦ ዲንሳ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆለፉ።

«ስብከቴን ወሰድሽብኝ፣ ኢንተላ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሦስት ቀን ተዘጋጅቼበታለሁ እኮ።» ተንፍሰው ማስታወሻቸውን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ። «በይ ሥራሽን ሥሪ። እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።» የፈለጉት ሌላው ስብከት በጣም አጭር ነበር፣ ሕዝቡም በጣም ወደደው።

መብራት አልነበረም። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ለጉባኤው ብቻ ነው ተብሏል። ያረፍንበት ቤት ሴትዮ ከሰል አቀጣጠሉልኝ፤ መበየጃዬን ከሰሉ ውስጥ ሰክቼ ጫፉ ሲግል አወጣዋለሁ፣ አንድ ቦታ ሳልበይድ ይቀዘቅዛል፣ መልሼ እሰካለሁ። ውጭ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ለሚ እያራገበ እውነቱን የሰማው እዚያ ነው።

«ቆይ፣» አለ ማራገቢያውን አቁሞ፣ «ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ያለቀስኩት ለሽቦ ነው?»

«አራግብ!» አለው ኤሱማ። «እሳቱ እየጠፋ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ኤሱማ መድረክ ላይ ወጣ። ከፊት የተቀመጡት አብረውት ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ በጋቢያቸው ተጠቅልለው። ቤዙን አነሳ። ከዚያ የለሚን ቮልዩም ያዘና ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ክሩን ነካ። ያ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ወጣ፣ ሙሉ፣ ለስላሳ፣ የአዳራሹ ወለል እግራችን ስር እስኪሰማን።

«ዘጋኝ እኮ!» አለ ለሚ አጠገቤ።

«ተቀየምክ?» አልኩት ቶሎ።

«ኧረ!» ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። «ዝም ብለሽ ስሚው። ያምራል፣ አያምርም?»

ከሰዓት ለሚ ሲጫወት የኤሱማን ዘጋ። ኤሱማ ዘመዶቹ ያመጡለትን ጭኮ፣ ያን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ አፉን ሞልቶ ይበላ ነበር። ንቧ ስትጀምር ቀና አለና፣ ማንኪያውን አንስቶ ከመዝሙሩ ጋር ምት መምታት ጀመረ።

የጉደሯን ልጅ ቤዝ ትናንት ጨረስኩት። ፒካፑን በመሃለኛው እግር አስገብቼ፣ በዳር አውጥቼ፣ አንዱን ዘግታ ሌላውን እንድትሰማ ሰጠኋት። ሁለቱንም እያፈራረቀች ስትዘጋና ስትከፍት ቆየችና እየሳቀች ሄደች። እኔ ሳስበው፣ ያኔ እኛን የጎዳን መዘጋቱ አልነበረም። የተዘጋው ሰው መዘጋቱን እንደ ጥላቻ መቁጠሩ ነበር። ሲዋደዱ ግን አንዱ ሌላውን ዘግቶ ይጫወታል፣ ሌላው ማንኪያ ይመታለታል። በትክክል የሠራኋቸውን ብዙ ሥራዎች ረስቻቸዋለሁ፤ ይቺን ግን እስከ ሽቦዋ ቀለም አስታውሳታለሁ።

ከጎጆ በተመለስን በሳምንቱ ኤሱማ ገረሙ ሬዲዮውን በፌስታል ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። አራት ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሬዲዮ ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ስኖር አንድ ቀን እዪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ከፊቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዘመድ ነዎት፣ ይለፉ ቢሉትም እምቢ አለ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ።